«ሞል ላይ ስደርስ ውሉ ይጠፋብኛል»

ጥያቄ፦

ለተከበሩ አማካሪ፣

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፋርማሲ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ወደ ትምህርት ክፍሉ ለመግባት በመግቢያ ኬሚስትሪ ከ100 ቢያንስ 60 ማምጣት ይጠበቅብኛል። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ኬሚስትሪ ከምመካባቸው ትምህርቶች አንዱ ነበር። የንጥረ ነገሮችን ምልክት፣ የኤሌክትሮኖችን አደላደል፣ የአሲድና የቤዝ ባሕርያትን ሸምድጄ እገባና ጥሩ ውጤት ይዤ እወጣ ነበር። አሁን ግን በአጋማሽ ፈተናው ከ100 ያመጣሁት 41 ነው። ይህ ፈተና ከጠቅላላው ውጤት 30 በመቶ፣ ቤተ ሙከራው 20 በመቶ፣ የማጠቃለያ ፈተናው ደግሞ 50 በመቶ ይይዛል። በቤተ ሙከራው እስካሁን ከ20 16 ላይ ነኝ፤ እሱም ቢሆን የኔ ነው ለማለት አፍራለሁ፤ አጋሬ ትለካለች፣ ትቀላቅላለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ቁጥር እመዘግባለሁ።

መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሲሠሩ ሁሉም ነገር ይገባኛል። መጽሐፉ ውስጥ የተሠሩትን ምሳሌዎች ሳነብም ይገባኛል። ለብቻዬ ስቀመጥ ግን ሞል ላይ ስደርስ ውሉ ይጠፋብኛል። በፈተናው ላይ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ16 ግራም ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ሲሆን ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነ ተጠየቅን። 4 ከ16 ስለሚያንስ «ሃይድሮጅን» ብዬ ጻፍሁ፤ ዜሮ ተሰጠኝ። ለምን እንደተሳሳትሁ እስከ ዛሬ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ጥያቄዬ ሰው የሚስቅበት መሰለኝ።

ትምህርቱን ለማቋረጥ የቀረኝ 12 ቀን ነው። ለወላጆቼ «ፈተናው ጥሩ ነበር» ብያቸዋለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ በደወሉ ቁጥር ልቤ ይመታል። ጭንቅላቴ ለኬሚስትሪ አልተፈጠረም ማለት ነው? ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል?

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። «አቋርጪ» ወይም «ቀጥዪ» የሚል አንድ ቃል እየጠበቅሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ 12 ቀን ብቻ ለቀረው ሰው የተንዛዛ ምክር ጭንቀት ይጨምርበታል እንጂ አያቀልለትም። ሆኖም ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት በደብዳቤሽ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ዓይኔን የያዘውን አንድ ነገር አብረን እንድናየው እፈልጋለሁ። እሱም ዜሮ ያገኘሽበት የሃይድሮጅን ጥያቄ ነው።

ኬሚስትሪን ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ «4 ከ16 ያንሳል» የሚለውን መልስም ከስንት ተማሪ ወረቀት ላይ እንዳነበብሁት መቁጠር አልችልም። በዚህ መልስ የሚስቅ መምህር ካለ ትምህርቱ የት ላይ እንደሚከብድ የዘነጋ ሰው ነው። አንቺ ያነጻጸርሽው ክብደትን ነው፤ ጥያቄው የሚፈልገው ግን ቁጥርን ነበር። ሞለኪዩሎች ሲገናኙ በሚዛን ተመዝነው ሳይሆን ተቆጥረው ነው የሚዋሃዱት። አንድ ኪሎ ዳዶና አራት ኪሎ ብሎን ቢሰጥሽ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ለማወቅ ኪሎውን ብቻ አይተሽ አትፈርጂም፤ የአንዱ ዳዶና የአንዱ ብሎን ክብደት ስንት እንደሆነ ትጠይቂያለሽ። ሃይድሮጅን ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ስለሆነ በ4 ግራም ውስጥ ያለው የሞለኪዩል ብዛት ከምትገምችው በላይ ነው።

እስቲ ረጋ ብለን እንሥራው። ሞል እንደ ደርዘን ያለ የብዛት መለኪያ ነው፤ የሚቆጥረው ግን እንደ ሞለኪዩል ያሉ ቅንጣቶችን ነው። አንድ ሞል የሃይድሮጅን ጋዝ 2 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ 4 ግራም ማለት 2 ሞል ነው። አንድ ሞል የኦክሲጅን ጋዝ 32 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ 16 ግራም ማለት ግማሽ ሞል ብቻ ነው። ውሃ ሲሠራ ለአንድ የኦክሲጅን ሞለኪዩል ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪዩሎች ያስፈልጋሉ፤ እንግዲህ ግማሹ ሞል ኦክሲጅን የሚፈልገው 1 ሞል ሃይድሮጅን ነው፤ አንቺ ግን 2 ሞል አለሽ። ቀድሞ የሚያልቀው በሚዛን ላይ ከባድ የነበረው ኦክሲጅን ነው። 1 ሞል ውሃ፣ ማለትም 18 ግራም ይገኛል፤ 1 ሞል ሃይድሮጅን፣ ማለትም 2 ግራም ይተርፋል። 18 እና 2 ሲደመሩ 20 ይሆናሉ፤ መጀመሪያ ያስገባሽው 4 እና 16ም ድምሩ 20 ነው። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ሥራሽን በራስሽ የምትፈትሺባት ስለሆነች በጣም እወዳታለሁ፤ ማንም መምህር አጠገብሽ ባይኖርም ትክክል መሆንሽንና አለመሆንሽን ትነግርሻለች።

አሁን ስለ ጭንቅላትሽ ላነሣሽው ጥያቄ። ክብደትንና ቁጥርን መለየት አንቺን ብቻ አይደለም ያስቸገረው። የዘመናዊውን የአቶም ንድፈ ሐሳብ የመሠረተው ጆን ዳልተን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ውሃ ከአንድ ሃይድሮጅንና ከአንድ ኦክሲጅን አቶም የተሠራ ነው ብሎ ያስብ ነበር። የክብደቱን ንጽጽር ሊለካ ይችል ነበር፤ ብዛቱን የሚያውቅበት መንገድ ግን አልነበረውም። አሜዴዮ አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 እኩል ሙቀትና ግፊት ላይ ያሉ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል የሞለኪዩል ብዛት አላቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ የሚሰማው ግን ለረጅም ጊዜ አላገኘም። ኬሚስቶች በአቶሞች ክብደት ላይ መስማማት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1860 በጀርመን ካርልስሩህ ከተማ ተሰብስበው ስታኒስላኦ ካኒዛሮ የአቮጋድሮን ሐሳብ መልሶ ካብራራላቸው በኋላ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ከተገኙት ወጣቶች አንዱ ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ ዛሬ ግድግዳ ላይ የምታዪው ሰንጠረዥ መነሻ የሆነውን ሥራውን አወጣ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀውን ነገር አንቺ በአንድ ግማሽ ሴሚስተር አልጨበጥሁትም ብለሽ ስለ አፈጣጠርሽ ፍርድ መስጠትሽ ተገቢ አይመስለኝም።

ሞልን ብዙዎች የሚፈሩት ከዚያ ግዙፍ ቁጥር የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አንድ ሞል ማለት በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣቶች ማለት እንደሆነ ተደንግጓል። ለአንቺ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሥራው ይበልጥብሻል። ሚዛን የሚያውቀው ግራምን ብቻ ነው፤ ሪአክሽኑ (ኬሚካዊ ለውጡ) የሚያውቀው ብዛትን ብቻ ነው፤ ሞል በሁለቱ መካከል ቆሞ ያስተረጉማል። ግራም በተሰጠሽ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ሞል ለውጪ፣ በሞል ላይ ሆነሽ አስቢ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄው ወደጠየቀው መለኪያ ተመለሺ። ሲጠፋብሽ የቆየው ውል ይኸው ነው፤ ከአጋማሽ ፈተናው በኋላ የሚመጡት ኢኩሊብሪየም፣ አሲድና ቤዝ፣ ፒኤችም ሁሉ በዚሁ ላይ ስለሚቆሙ «ይህን ምዕራፍ ልዝለለውና በሌላው ላካክሰው» የምትዪበት መንገድ የለም። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ሳይሆን ቀሪ ቀኖችሽን የት ላይ ማዋል እንዳለብሽ እንድታውቂ ነው።

«መምህራችን ሲሠሩ ሁሉም ይገባኛል» ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መጽሐፉ ላይ የተሠራውን ምሳሌ ካነበብሽ በኋላ መጽሐፉን ዘግተሽ በባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ለብቻሽ ሠርተሽው ታውቂያለሽ? የሌላ ሰው ሥራ ዓይናችን ሥር ሲፈስ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለት አንድ ችሎታ ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ራስ መወሰን ደግሞ ሌላ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንብበው ሲያበቁ ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የታገሉት ሆኑ። የደግሞ ማንበብ ክፋቱ የሚያውቅ ሰው ስሜት መስጠቱ ነው። ፈተናው ሳምንቱን ቆይቶ ሲመጣ ስሜቱ ይሄዳል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህ ደግሞ የተማሪው ሳይሆን የእኛ የመምህራኑ ጉዳይ ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪን ትምህርት አሰጣጥ ሲያጠና የኖረው አሌክስ ጆንስተን እንዳስረዳው ኬሚስትሪ በአንድ ጊዜ በሦስት ደረጃዎች ላይ ይነገራል፤ በዓይን በሚታየው፣ በማይታዩት ቅንጣቶችና በምልክቶች። መምህሩ «ውሃ» ሲል ብርጭቆ ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ የተጠማዘዘችው ሞለኪዩልና ሰሌዳው ላይ ያለው ቀመር በአእምሮው ውስጥ በአንድነት ይመጣሉ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል አይታወቀውም። ለጀማሪዋ ግን እያንዳንዱ ዝላይ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ ቀመር ባየሽ ቁጥር ቅንጣቶቹን በክብ ምልክቶች ሣዪአቸው። በሃይድሮጅኑ ጥያቄ ላይ አራት ጥንድ ሃይድሮጅንና አንድ ጥንድ ኦክሲጅን ብትሥዪ ኖሮ የትኛው እንደሚያልቅ ሒሳቡን ሳትጀምሪ ታዪው ነበር። የልጅ ሥራ መስሎ እንዳይታይሽ፤ እኔ ዛሬም ቢሆን አዲስ ሪአክሽን ሲያጋጥመኝ የወረቀቱ ጥግ ላይ እሥላለሁ።

እንግዲህ ነገ ጠዋት የት ትጀምሪ? ያንን የፈተና ወረቀት ከተደበቀበት አውጪው። ነጥብ ባጣሽበት በእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ምን እንደሆነ ጻፊ፤ ጥያቄው ራሱ አልገባሽም ነበር፣ ጥያቄው ገብቶሽ መንገዱ ጠፋሽ፣ ወይስ መንገዱን ይዘሽ በመለኪያ ወይም በሒሳብ ስሕተት ወደቅሽ? ካጣሽው 59 ነጥብ ውስጥ ምን ያህሉ ከሞል ጋር የተያያዘ እንደሆነም ደምሪ። ከደብዳቤሽ እንደምረዳው አብዛኛው በአንድ ቦታ ተከማችቶ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ልክ ከሆነ የጎደለሽ ኬሚስትሪ በሙሉ ሳይሆን አንድ ምዕራፍ ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ። ይህ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። «ምንም አልገባኝም» ብለሽ ከገባሽ እሳቸውም ከየት እንደሚጀምሩ ይጨንቃቸዋል፤ አንቺም አንገትሽን ደፍተሽ ትወጫለሽ። ይልቁንስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘሽ ግቢ፤ «እዚህ ድረስ ሠርቻለሁ፣ ከዚህ መስመር በኋላ ምን ማሰብ እንዳለብኝ አላወቅሁም» በያቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣ ተማሪ ለመምህር ደስታ ነው። ቢሯቸው መግባት ጨርሶ ካልሆነልሽ ቲቶሪያል የሚሰጡትን ረዳት መምህር ወይም ትምህርቱን ባለፈው ዓመት የጨረሰ ተማሪ ጠይቂ፤ የሃይድሮጅኑን ጥያቄ እኔን ከጠየቅሽ ሌላ ሰው መጠየቅ አያቅትሽም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ለሞል ስጪ፤ ቅዳሜን ሙሉ ከመቀመጥ በየቀኑ ጥቂት መሥራት ይሻላል። አንድ የተሠራ ምሳሌ አንብቢ፣ ዝጊው፣ በባዶ ወረቀት ሥሪው፤ የቆምሽበት መስመር ላይ ብቻ ከፍተሽ አይተሽ እንደገና ዝጊ። በሚቀጥለው ቀን አዲስ ከመጀመርሽ በፊት የትናንቱን ሳታዪ ድገሚው።

ስለ ውሳኔው ደግሞ ቁጥሮቹን ራሳቸውን እንጠይቅ፤ በፍርሃት ውስጥ ሆነሽ ይህን ሒሳብ ያልሠራሽው ይመስለኛል። ከአጋማሽ ፈተናው የያዝሽው የ30ው 41 በመቶ፣ ማለትም 12.3 ነው። የቤተ ሙከራ ውጤትሽ እስከ መጨረሻው በዚሁ ከዘለቀ 16 ይጨመርበታል፤ 28.3 ይሆናል። 60 ለመድረስ ከማጠቃለያው 50 ነጥብ ውስጥ 31.7 ያስፈልግሻል፤ ያም ፈተናው ከ100 ቢታረም 63 ተኩል ገደማ ማለት ነው። ከ41 ወደ 63 መውጣት ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ሊሆን የማይችል ነገር ግን አይደለም፤ በተለይ ያጣሽው ነጥብ ከአንድ ምንጭ የመጣ ከሆነ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ዛሬ እንዳትወስኚ፣ ግን የምትወስኚበትን ቀን ዛሬ እንድትቆርጪ ነው። በአሥረኛው ቀን ከዚህ በፊት አይተሻቸው የማታውቂያቸውን ስድስት የሞል ጥያቄዎች አንድ ጓደኛሽ እንድትመርጥልሽ አድርጊና መጽሐፍ ዘግተሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞክሪያቸው። አራቱን በራስሽ መንገድ ከጨረስሽ፣ የማባዛት ስሕተት ቢኖርባቸውም እንኳ፣ ቀጥዪ። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆኑ ማቋረጥ አያሳፍርም፤ መሠረቱን አደላድሎ መመለስ የበሰለ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ሦስት ላይ ከቆምሽ ወረቀቱን ለመምህርሽ አሳይተሽ አስተያየታቸውን ስሚ። እስከዚያው ወደ ሬጅስትራር ሄደሽ ያቋረጡት ትምህርት በውጤት ማስረጃው ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ትምህርቱ እንደገና መቼ እንደሚሰጥ፣ ፋርማሲ ትምህርት ክፍሉም ተደግሞ የተገኘ ውጤት ይቀበል እንደሆነ አጣሪ። እነዚህን ሳያውቁ ማቋረጥ በጨለማ መራመድ ነው። የአጠናን መንገድሽን ሳትለውጪ ካቋረጥሽ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜም የሚጠብቅሽ ያው ሞል እንደሆነ ልብ በዪ።

አንድ ነገር በቀስታ ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ አይጠበቅብሽም። ፋርማሲን የምትፈልጊው አንቺ ነሽ? መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ከሆነ የሚስብሽ ይህ ምዕራፍ ለፍላጎትሽ ሩቅ አይደለም፤ አንድ መጠን መድኃኒት ሲለካ የሚታሰበው ያው የግራምና የብዛት ጉዳይ ነው። ፍላጎቱ የሌላ ሰው ከሆነ ግን ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል፤ ያንን ውይይት 41 የሚል ወረቀት ባይጀምረው መልካም ነው።

ወላጆችሽን በተመለከተ፣ «ጥሩ ነበር» ያልሽው ልታታልያቸው ፈልገሽ ሳይሆን እንዳያዝኑብሽ ሳስተሽ እንደሆነ ይሰማኛል። ይሁንና ስልክ በጮኸ ቁጥር የሚመታው ልብሽ ለጥናት የሚያስፈልግሽን ጉልበት እየበላ ነው። የፈተና ወረቀትሽን ፈትሸሽ ከጨረስሽ በኋላ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላው፣ ይበልጥ ለሚቀርብሽ ለአንዳቸው ደውዪ። «41 ነው ያመጣሁት፤ በወቅቱ ለመናገር ፈራሁ። የት ላይ እንደወደቅሁ አሁን አውቄአለሁ፤ በዚህ ሳምንት እየሠራሁበት ነው» ማለት ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ዝም ሊሉ ወይም ሊቆጡ ይችላሉ። ሆኖም ነገሩን ከአንቺው አፍ መስማታቸው በሴሚስተሩ መጨረሻ ከሚደርሱበት ይሻላል።

ቤተ ሙከራውን ደግሞ ለአጋርሽ አትተዪው። በሚቀጥለው ጊዜ «ዛሬ ቡሬቱን (ፈሳሹ በልክ የሚወርድበትን ቱቦ) እኔ ልያዝ፣ አንቺ መዝግቢ» በያት፤ ብዙ ጊዜ ሥራውን ጠቅልሎ የሚይዘው ሰው ሌላው አይፈልግም ብሎ ነው። ታይትሬሽን፣ ማለትም የአሲዱን መጠን በቤዝ መለካት፣ ከሆነ ቤዙን በጠብታ ወደ አሲዱ ስትለቂ ጠብታው በወደቀበት ቦታ ላይ ከፌኖልፍታሊኑ (አሲዱ ውስጥ ከተጨመረው ቀለም ጠቋሚ) የተነሣ ሮዝ ቀለም ብቅ ይልና ፍላስኩን ስትነቀንቂው ይጠፋል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መጥፋቱ እየዘገየ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ እጅሽን ቀዝቀዝ አድርጊ። ከዚያ አንዲት ጠብታ ትወድቅና ፈዘዝ ያለው ሮዝ ሳይጠፋ ይቀራል። ዓይንሽን ከፈሳሹ ወለል ጋር አስተካክለሽ አንብቢ። 0.100 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.100 ሞል ያለው) ቤዝ 20.0 ሚሊ ሊትር ከወረደ 0.00200 ሞል አፍስሰሻል ማለት ነው፤ አሲዱ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነ ፍላስኩ ውስጥ የነበረው ሞልም ያንኑ ያህል ነበር። ሞል ከወረቀት ወርዶ በእጅሽ ላይ የሚታይሽ እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥር ብቻ ስትመዘግቢ ይህ ሁሉ አምልጦሻል።

ለዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ልተውልሽ። 3 ግራም ሃይድሮጅን ከ28 ግራም ናይትሮጅን ጋር ተገናኝቶ አሞኒያ ይሠራል፤ ለአንድ የናይትሮጅን ሞለኪዩል ሦስት የሃይድሮጅን ሞለኪዩሎች ያስፈልጋሉ፤ የሚወጡትም ሁለት የአሞኒያ ሞለኪዩሎች ናቸው። የሃይድሮጅን አቶም ክብደት 1፣ የናይትሮጅን 14 ነው። ሁለቱንም ወደ ሞል ስትለውጪ የሃይድሮጅኑ ቁጥር ከናይትሮጅኑ በልጦ ታገኚዋለሽ፤ «እንግዲያው የሚያልቀው ናይትሮጅን ነው» ብለሽ እንዳትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ክቦቹን ሥያቸው። መልሱን አልጽፍልሽም። የተገኘው አሞኒያና የተረፈው ጋዝ ተደምረው 31 ግራም ከመጡ ትክክል ሠርተሻል፤ ካልመጡ ወረቀቱን እንደያዝሽ ጠዋት ወደ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ።